ሳጋ፦ አዲስ አበባ መሃል ሆኖ ይህን ኮሚክ ለሚጀምር ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝን ነው የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ተነስቼ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

ሳጋ ምንድን ነው?

ተከታታይ ኮሚክ ነው፤ በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ። የሚጽፈው አሜሪካዊው ብራያን ኬ. ቮን፣ የምትስለው ካናዳዊቷ ፊዮና ስቴፕልስ ናት። አሳታሚው ኢሜጅ ኮሚክስ ይባላል። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት ዓለማት ይዋጋሉ። የአንደኛው ሰዎች ክንፍ አላቸው፤ የሌላኛው ቀንድ። አላና የክንፈኞቹ ወታደር ናት። ማርኮ ደግሞ ከቀንደኞቹ ወገን ሆኖ የተማረከ እስረኛ ነው፤ የምትጠብቀውም እሷ ነበረች። ተዋደዱ። አብረው ጠፉ። ወለዱ። መጽሐፉ የሚከፈተው በምጡ ነው፤ አላና እያማጠች፣ ማርኮ አጠገቧ ተንበርክኮ።

የተወለደችው ልጅ ሄዝል ትባላለች። ታሪኩን የምትተርክልንም እሷ ናት፤ አድጋ፣ ከዓመታት በኋላ ሆና ወደኋላ እያየች። ክንፍም ቀንድም አላት። ሁለቱም መንግሥታት የሚያሳድዷቸው በዚህች ልጅ ምክንያት ነው። «ከነሱ ጋር አብሮ መኖር አይቻልም» ሲባል ለኖረ ሕዝብ፣ የሁለቱ ልጅ ጡት ስትጠባ መታየቷ ለባለሥልጣናቱ ከመድፍ ይከብዳል።

2012 ከወጣ ታዲያ ምኑ ነው አዲስ?

ለኛ ሰፈር አዲስ ነው። ሌላው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2013 ለሳይንሳዊ ልብወለድና ለፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጠውን ሁጎ ሽልማት ሲሰጠው እኔ ስሙንም አልሰማሁም ነበር። መጽሐፍ እኛ ጋ የሚደርሰው በሰው ሻንጣ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ ሁልጊዜ በጫማ የተሞላ ነው።

ሳይንስ ፋንታሲ የሚባለው ለምንድን ነው? ከሳይንሳዊ ልብወለድ በምን ይለያል?

ሳይንሳዊ ልብወለድ መንኮራኩሩ እንዴት እንደሚበር ለማስረዳት ይሞክራል፤ ባይችል እንኳን ያስመስላል። ፋንታሲ አስማት አለ ብሎ ይነሳና ወሬውን ይቀጥላል። ሳይንስ ፋንታሲ ሁለቱን ያዳብላቸዋል። ሳጋ ውስጥ ክንፈኞቹ ቴክኖሎጂ አላቸው፣ ቀንደኞቹ አስማት። ባልና ሚስቱ የሚሸሹበት መንኮራኩር ዛፍ ነው። እውነተኛ ዛፍ፣ ጫካ ውስጥ የበቀለ። ሞግዚቷ ኢዛቤል ፈንጂ የገደላት ልጅ መንፈስ ናት፤ ከወገቧ በታች የላትም። አሳዳጃቸው ልዑል በጭንቅላቱ ፋንታ ቴሌቪዥን ተክሏል። ቅጥር ገዳዩ ደግሞ አንዲት ትልቅ ድመት አለችው፤ ሰው ሲዋሽ «ውሸት» ትላለች፣ ሌላ ብዙ ቃል የላትም። ቤት ስፈልግ ይህቺን ድመት ይዤ ደላላ ፊት መቆም ተመኝቻለሁ።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የተደረደረ ጉድ እንዳይመስላችሁ። እኔን የያዘኝ አንድ ሐሳብ ነው። የቀንደኞቹ ዓለም፣ ሪዝ፣ የክንፈኞቹ ዓለም የላንድፎል ጨረቃ ነው። አንዱ ሌላውን ፈጽሞ ቢያጠፋው የቀረው ምህዋሩን ስቶ ይጠፋል። ስለዚህ ጦርነቱን አላቆሙትም፤ ወደ ሌሎች ፕላኔቶች ወሰዱት። በየፕላኔቱ ያለው ሕዝብ ወገን እንዲመርጥ ይገደዳል። እነሱ አገር ሰላም ነው፣ ካፌው ክፍት ነው፣ የሚሞተው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው። የስበት ሕግ ነው ይህን ሁሉ ፖለቲካ ያመጣው። በሰው አገር ላይ የሚደረግ ጦርነት ምን እንደሚመስል ደግሞ ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለልጄ ልግዛለት?

አይሆንም። ራቁት ገላ አለ፣ ወሲብ አለ፣ ደም አለ፣ ስድቡም አይጣል ነው። የአዋቂ መጽሐፍ ነው። አንድ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ቅጽ 2ን ከልጆች ማቅለሚያ ደብተር አጠገብ አግኝቼዋለሁ። ሻጩን ገልጬ አንድ ገጽ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ካርቱን ሲሆን እኮ የልጅ ነው ብዬ ነው» አለኝ። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፤ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ የልጅ ማድረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው።

ቀንድ አላቸው። ሰይጣናዊ ነገር አይደለም?

እናቴም ይህንኑ ጠይቃለች። ሽፋኑን አየችና «መልአክና ሰይጣን ተጋብተው ነው?» አለች። ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የሷ ይበልጣል፤ ብዙም አልተሳሳተችም።

ግን ቀንዱ የሃይማኖት ነገር አይደለም። የሰዎቹ መልክ ነው። ማርኮ የበግ ቀንድ አለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ መሣሪያ ማንሳት ከሚጠሉት አንዱ እሱ ነው። ሽፋኑን በተመለከተ ሌላ የሚያስቅ ነገር አለ። የቅጽ 1 ሽፋን ላይ አላና ልጇን እያጠባች ነው። አሜሪካ ውስጥ ያ ሥዕል አነጋግሮ ነበር። እማዬ ግን ቀንዱን እንጂ ማጥባቷን ከነጭራሹ አላየችውም። ታክሲ ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ነገር ማን ልብ ይላል?

ኮሚክ አንብቤ አላውቅም። ሳጥኖቹን ከየት ወዴት ነው የማነበው?

ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ልክ እንደ አማርኛ ጽሑፍ። የተገላቢጦሽ የሚነበበው የጃፓኑ ማንጋ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከፍ ብሎና ወደ ግራ ያለው ንግግር ይቀድማል።

ደግሞ «አንብቤ አላውቅም» አትበሉ። ቸርችል ጎዳና የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የተንጠለጠለውን የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕል አይታችኋል። በተለመደው አሠራር 44 ሳጥን አለው። ዘንዶው፣ ጉዞው፣ ግብዣው፣ በሌሊት የተጠማችበት ውሃ፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ልደት፤ ሁሉም በተርታ፣ አንዳንዱ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። ያ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንብቡት ያላለን የለም እንጂ ስናነበው ነው ያደግነው።

አንድ ምክር ብቻ። አትሩጡ። አንድ ቅጽ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ያኔ ግን ያነበባችሁት ወሬውን ብቻ ነው። ስቴፕልስ ፊት ላይ የምትሠራውን ነገር ለማየት ቆም ማለት ያስፈልጋል። አላና «ደህና ነኝ» ስትል ቅንድቧ ሌላ ይናገራል። ተራኪዋ የሄዝል ቃላትም ሳጥን ውስጥ አይገቡም፤ ሥዕሉ ላይ በእጅ ጽሑፍ ተበትነው ነው ያሉት። የጻፈቻቸውም ሠዓሊዋ ራሷ ናት። አንዳንዴ ሰማይ ላይ፣ አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ይከብደኛል?

አይከብድም። አብዛኛው የባልና የሚስት ንግግር ነው፤ ፊልም ያለ ጽሑፍ የሚከታተል ሰው ይወጣዋል። ሥዕሉም ግማሹን ይነግራችኋል። የሚያስቸግረው የአራዳ እንግሊዝኛውና ስድቡ ነው፤ እሱን ደግሞ መዝገበ ቃላት አያግዝም። ፈረንሳይኛ የሚቀልለው ሰው ካለ ኧርባን ኮሚክስ የሚባል አሳታሚ ያወጣው የፈረንሳይኛ ቅጂ አለ።

መሃል ከተማ የት አገኘዋለሁ?

ይህ ነው ትልቁ ጥያቄ። «እዚህ ሱቅ ሂዱ» የሚል መልስ የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሚክ የሚገኘው ሲፈልጉት ሳይሆን ሌላ ሲፈልጉ ነው። እኔ ያገኘሁት ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ክምር ውስጥ ነው። የፈለግኩት የሒሳብ መጽሐፍ ነበር፣ ለእህቴ ልጅ። ከአንድ የኮምፒዩተር መማሪያና ከአንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሃል ቅጽ 3 ወጣ። ሻጩ ገለበጠው፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ መሆኑን አየና ዋጋውን እዚያው ጨመረ። የድመቷን ፊት አይቼ ስለነበር አልተከራከርኩም። ሻጭ ፊት መሳቅ ውድ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገዴ እንዲህ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ከብሔራዊ ትያትር እጀምራለሁ፣ ለገሃርን አያለሁ፣ ጉልበት ከተረፈኝ ሜክሲኮ እሄዳለሁ። አራት ኪሎም መጽሐፍ አለ፤ ግን ወደ አማርኛ ልብወለድና ወደ ትምህርት መጽሐፍ ያደላል። ፒያሳ ድሮ በእግሬ የማውቃቸው መጽሐፍ አዟሪዎች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹን በስልክ ነው የማገኛቸው። እንዲያውም ይሄ ይሻላል። ለአዟሪ ስልካችሁን ስጡትና የሽፋኑን ፎቶ ላኩለት። «ሳጋ» ብላችሁ በስም ብትነግሩት የሚያመጣላችሁ ሌላ ነገር ነው። ፎቶውን ካየ ግን አይረሳውም፤ ቀንድና ክንፍ ያለበት መጽሐፍ ብዙ አይገጥመውም።

ሁለተኛው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው በተራው ክፍል ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል። እናንተ የምትለምኑት ከዚያ ላይ ጥቂቱን ነው። ቀድማችሁ ተናገሩ። ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ የሚደወል ስልክ ዝምድና ያበላሻል።

ሦስተኛው ፖስታ ነው። በተራ ፖስታ ከውጭ የሚላክ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በር ድረስ አይመጣላችሁም። ፖስታ ሣጥን ቢኖራችሁ ይሻላል፤ ማስታወቂያው ሲደርስ ሄዳችሁ፣ ጉምሩክ አይቶት፣ የሚከፈለው ተከፍሎ ትወስዳላችሁ። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። መጽሐፉ ደረሰ። ለመጽሐፉ ከከፈልኩት ይልቅ ለማምጣቱ የከፈልኩት በለጠ።

ከየትኛው ቅጽ ልጀምር? ነጠላ ቅጽ ነው ወይስ ትልቁ ጥራዝ የሚያዋጣው?

ከቅጽ 1። እኔ በቅጽ 3 ጀምሬ ማን ማንን እንደሚያሳድድ እስኪገባኝ ግማሹ አልቋል። ይህ በየክፍሉ ራሱን ችሎ የሚቆም ታሪክ አይደለም፤ ሰው ይሞታል፣ ሞቶም ይቀራል። ከመሃል የጀመረ አንባቢ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን እንደሞተ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

ዋጋውን እንመልከት። አንድ ቅጽ 6 እትሞችን ይይዛል። በአሜሪካ የሽፋን ዋጋ ቅጽ 1 ሲወጣ 9.99 ዶላር ነበር፤ ተከታዮቹ 14.99። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቅጾች አንድ በአንድ የገዛ ሰው ከ120 ዶላር በላይ ያወጣል። ትልቁ ጥራዝ፣ ኮምፔንዲየም የሚሉት፣ እነዚሁኑ 54 እትሞች በአንድ ላይ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው በ59.99 ዶላር ነው። በሒሳብ ትልቁ ያሸንፋል። ግን 1,328 ገጽ ነው። ጡብ ነው። ተኝቶ የሚያነብ ሰው ደረቱን ይጠብቅ። በመሃል ጥሩ ወረቀትና ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ 18 እትም ጥራዝም አለ፤ ያማረ ነው፣ ያንኑ ያህል ውድ።

የምንዛሬው ነገር ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ ስለተቀየረ ዛሬ 60 ዶላር ለብዙዎቻችን የአስቤዛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አምስት ሆነን ዕቁብ ጣልን። እውነተኛ ዕቁብ፣ ዕጣ ያለው። ገንዘቡ ሲሞላ ከዋሽንግተን የምትመጣ የአንዳችን አክስት ጡቡን ይዛልን መጣች። ዕጣ የወጣለት ቀድሞ ያነባል፣ ሁለት ሳምንት አለው። ሕጎቹ ሦስት ናቸው፦ በልቶ ሳይታጠቡ መንካት የለም፣ ገጽ ማጠፍ የለም፣ ያላነበበ ሰው ፊት ስለሚሞት ሰው ማውራት የለም። ሦስተኛውን የጣሰ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል። እስካሁን እኔ ሁለቴ ጋብዣለሁ።

ተቋርጧል ሲሉ ሰማሁ። አልቋል?

አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 54ኛው እትም ላይ ደራሲዎቹ ዕረፍት ወሰዱ። ዓመት ይበቃል የተባለው ዕረፍት ከሦስት ዓመት በላይ ሆነ። በጃንዋሪ 2022 በ55ኛው ተመለሱ። ዕቅዱ 108 እትም ነው፤ ስለዚህ 54 ልክ ግማሹ ነበር። ዕረፍቱ የመጣው በጣም ክፉ ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ካወራሁ ማኪያቶ መግዛቴ ነው።

ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አለ። እሱን ባነብ ምን አለበት?

እንዳለ አውቃለሁ። የላከልኝም ሰው አለ። ቅዱስ መስዬ አልመልስም፤ ለአንድ መጽሐፍ የወር አስቤዛ የሚጠየቅ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ኢሜጅ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው መብታቸውን ለድርጅት ማስረከብ በሰለቻቸው ሠዓሊዎች ነው። ሥራው የሠሪዎቹ ንብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ገንዘቡ የሚገባው ለትልቅ ድርጅት ነው» የሚለው የተለመደው ማጽናኛችን እዚህ ላይ አይሠራም። የምንወስደው ከሁለት ሰዎች እጅ ነው። የኛ አገር ደራሲዎች መጽሐፋቸው በቴሌግራም ሲበተን እንዴት እንደምንቆጣ ደግሞ አስታውሱ። የኔ አቋም ይህ ነው፦ አንድ ቅጽ ቀምሳችሁ ከወደዳችሁት ዕቁብ ጣሉ። ከዚያ ውጭ ስልክ ላይ ሲነበብ ሁለት ገጽ የሞላው ሥዕል የጣት ጥፍር ያህል ይሆናል፤ የስቴፕልስን ሰማይ በዚያ ማየት በቁልፍ ቀዳዳ ሠርግ እንደማየት ነው።

የኛ አገር ሰዎች የሠሩት እንዲህ ዓይነት ነገር የለም?

አለ። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ኃይል የሚያገኘው ሥራ ሳያገኝ ነው፤ እዚህ ላይ የሳቀ ሁሉ ታሪኩ ገብቶታል። ከዚያ «ሃዊ» ተከተለች። እነዚህ የልዕለ ኃያል ታሪኮች ናቸው፤ ሳጋ እንደዚያ አይደለም፣ ማንም ካባ ለብሶ ከተማ አያድንም። ለታዳጊ ልጅ ኮሚክ የሚፈልግ ወላጅ ግን ከሳጋ ይልቅ ወደዚህ ይምጣ። በአማርኛ የተጻፈ የንግግር ፊኛ፣ ማለትም የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ፣ ማንበብ የራሱ ደስታ አለው። «እንዴ!» የሚለው ቃል በትልቁ ተጽፎ ሳይ ለካ ፊደላችን ለዚህ ነው የተፈጠረው ብያለሁ።

ቀንደኞቹ ድንገት የማይገባኝ ቋንቋ ያወራሉ። ቅጂዬ ተበላሽቶ ነው?

ደህና ነው ቅጂያችሁ። ያ የሪዝ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ «ሰማያዊ» ይባላል። ትርጉም ያልተሰጠው ሆን ተብሎ ነው፤ አላና ባሏ ከቤተሰቦቹ ጋር ሲያወራ የማይገባትን ያህል እናንተም እንዳይገባችሁ። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ያገባ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። አማቶች ጋ ምሳ ተቀምጦ፣ ሁሉም ሲስቅ አብሮ ፈገግ ማለት፣ ስለራስ ይሁን ስለወጡ ሳያውቁ።

የምር መተርጎም ከፈለጋችሁ ግን ቁልፍ አለው። ቋንቋው የተፈጠረ አይደለም፤ ማለቴ ተፈጥሯል፣ ግን ለዚህ መጽሐፍ አይደለም። ኤስፔራንቶ ነው፤ ዛሜንሆፍ የተባለ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ሕዝቦች ሁሉ በአንድ ቋንቋ እንዲግባቡ ብሎ ያወጣው። የሰላም ቋንቋ እንዲሆን የታሰበውን ወስደው የጠላት ቋንቋ አደረጉት። እንደተጻፈ ነው የሚነበበው፤ በዚህ በኩል ለፊደል ልጅ አያስቸግርም። ከዕቁባችን አንዱ ቃላቱን በስልኩ እየተረጎመ በእርሳስ ጠርዝ ላይ ጻፋቸው። ገጽ ማጠፍ እንጂ መጻፍ በሕጉ አልተከለከለም ብሎ ተከራከረ። አሁን ቀጣዩ አንባቢ የማርኮን እናት ምን እንዳለች ያውቃል፤ አራተኛ ሕግ ይውጣ አይውጣ ግን ገና አልተስማማንም።